ስልክዎ ለማን ምን ፈቅዷል? የአፕ ፈቃዶችንና የጥበቃ ቅንብሮችን ስለ ማስተካከል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጠባብ የስልክ መጠገኛ ቤት ውስጥ ለዓመታት ስሠራ ከደንበኞች የምሰማው አቤቱታ ከሦስት እምብዛም አያልፍም፤ «ባትሪው ቶሎ ያልቃል»፣ «ዳታ ይበላብኛል»፣ «ማስታወቂያ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ» የሚሉት ናቸው። ስልኩን ተቀብዬ ስመረምረው ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከባትሪውም ከኔትወርኩም አይደለም፤ ባለቤቱ ሳያነብ «ፍቀድ» እያለ ካለፋቸው ጥያቄዎች የመጣ ነው።

ቀድሞ ይህ የባትሪና የዳታ ጉዳይ ብቻ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ከጀመሩና የባንኮቹም አፖች ከተጨመሩበት ወዲህ ግን ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ደመወዙ መግባቱን የሚያበሥረው አጭር መልእክትና ያንን ደመወዝ ለማውጣት የሚያስፈልገው የማረጋገጫ ቁጥር የሚደርሱት በዚያው በአንድ ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ «ይህ አፕ አጭር መልእክቶቼን ማንበብ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ «ይህ ሰው ኪሴ ውስጥ እጁን መክተት ይችላል?» ከሚለው እምብዛም አይለይም።

ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ለአንድሮይድ ስልኮች ነው፤ ወደ ቤታችን የሚመጡት አብዛኞቹ ቴክኖ፣ አይቴል፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ስለሆኑ ነው። የሜኑዎቹ አቀማመጥ ከስልክ ስልክ ይለያያል። ሆኖም በሁሉም ስልክ ላይ ሴቲንግስ፣ በአማርኛው ቅንብሮች፣ የሚለውን ሲከፍቱ ከላይ የመፈለጊያ ሳጥን ያገኛሉ፤ እኔ የምጠቅሰውን ስም እዚያ ላይ መጻፍ ሜኑ ለሜኑ ከመንከራተት ያድናል።

በመጀመሪያ የስልኩን ዕድሜ ይወቁ

ቅንብሮች ውስጥ ገብተው «አባውት ፎን» ወይም «ስለ ስልኩ» የሚለውን ይክፈቱና የአንድሮይዱን ቁጥርና የመጨረሻውን የደኅንነት ዝማኔ ቀን ይመልከቱ። ቁጥሩ ብዙ ነገር ይወስናል። ከአንድሮይድ 6 በፊት አንድ አፕ ሲጫን የሚፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠይቅ ነበር፤ ተጠቃሚው ወይ ሁሉንም ይቀበላል፣ ወይ አፑን ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 እያንዳንዱ ፈቃድ በሚያስፈልግበት ሰዓት ለብቻው እንዲጠየቅ አደረገ። በ2019 አንድሮይድ 10 የመገኛ ቦታን «አፑን በምጠቀምበት ጊዜ ብቻ» ብሎ መፍቀድን አመጣ፤ በ2020 አንድሮይድ 11 «በዚህ ጊዜ ብቻ» የሚለውን ምርጫ ጨመረ፣ ለወራት ያልተከፈተ አፕም ፈቃዱ በራሱ እንዲነሣ አደረገ። በ2021 የወጣው አንድሮይድ 12 ካሜራ ወይም ማይክሮፎን ሥራ ላይ ሲሆን ከስክሪኑ ላይኛ ጥግ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። አንድሮይድ 13 ማሳወቂያ ለመላክም ፈቃድ እንዲጠየቅ አስገደደ፤ አንድሮይድ 14 ደግሞ ፎቶዎችን በሙሉ ከመክፈት ይልቅ የተመረጡትን ብቻ ለመስጠት አስቻለ።

ይህን የዘረዘርኩት ታሪክ ለመንገር አይደለም። ስልክዎ አንድሮይድ 9 ከሆነ «በዚህ ጊዜ ብቻ» የሚለውን ምርጫ ቢፈልጉት አያገኙትም፤ ዝማኔ ካለው ያዘምኑት፣ ከሌለው ደግሞ የገንዘብ አፕ የሚጭኑበት ስልክ ሌላ ቢሆን ይመረጣል።

የአፑን ሥራና የሚጠይቀውን ማመዛዘን

በቅንብሮች ውስጥ «ፕራይቬሲ» ወይም «ግላዊነት» የሚለውን፣ ከዚያ «ፐርሚሽን ማኔጀር» የሚለውን ይክፈቱ። እዚህ ገጽ ላይ አፖች የተደረደሩት በስማቸው ሳይሆን በያዙት ፈቃድ ነው፤ ማይክሮፎን የሚለውን ሲነኩ ማይክሮፎን የተፈቀደላቸው ሁሉ በአንድ ላይ ይመጣሉ። አንዳንድ ሰው ዝርዝሩን ሲያይ ይደነግጣል፤ መደንገጥ ግን አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ አፕ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ይህ አፕ የተጫነበትን ሥራ ያለዚህ ፈቃድ መሥራት ይችላል?

ኢሞን እንውሰድ። በወሎ ዓረብ አገር ልጅ ወይም እህት የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ኢሞ የሌለበት ስልክ እምብዛም አይገኝም። በምስል ለመነጋገር ካሜራና ማይክሮፎን ያስፈልገዋል፤ ይህን መከልከል አፑን ማሰናከል ነው። መገኛ ቦታዎን ማወቅ ግን ለጥሪው አይጠቅመውም፤ ይከልክሉት፣ ጥሪው አይቋረጥም። የባትሪ መብራት የሚያበራ አፕ የስልክ ቁጥር ማውጫዎን ከጠየቀ ደግሞ ፈቃዱን ከማንሣት ይልቅ አፑን ማጥፋት ይሻላል፤ መብራት ከስልኩ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነውና።

ሁለት ምሳሌዎችን ጎን ለጎን ማየት ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። የሶላት ሰዓት የሚያሳይ አፕ ያለህበት ከተማ የት ነው ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሰዓቱም የቂብላው አቅጣጫም ከቦታ ጋር የተሳሰረ ነው። ነገር ግን በአንድሮይድ 12ና ከዚያ በኋላ በወጡት ላይ ጥያቄው ሲመጣ «ትክክለኛ» እና «ግምታዊ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ ግምታዊው ይበቃዋል፣ የመግሪብ ሰዓት ለሸዋበርና ለገራዶ አይለያይምና። በአንጻሩ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጣ የባሕረ ሐሳብ አፕ ሥራው ንጹሕ ስሌት ነው፤ የስሌቱ ቁጥሮች የሆኑት አበቅቴና መጥቅዕ የሚገኙት ከዓመተ ዓለም ቁጥር እንጂ ከቦታ አይደለም። እንዲህ ያለ አፕ መገኛ ቦታ ከጠየቀ የሚፈልገው ለማስታወቂያ እንጂ ለፋሲካ አይደለም።

የስልክ ቁጥር ማውጫን በተመለከተ ከሌላው ሁሉ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። መገኛ ቦታዎን ቢሰጡ የራስዎን ነው፤ ማውጫዎን ሲሰጡ ግን የሰጡት የሌሎችን ቁጥር ነው፤ የአክስትዎን፣ የሠፈር ዕድር ጸሐፊውን፣ አንድ ጊዜ እቃ የሸጡለትን ነጋዴ። ባለቁጥሮቹ አልተጠየቁም። በአገራችን የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ለመሰብሰብና ለመጠቀም ሕጋዊ መሠረት እንዲኖር ይጠይቃል፤ ሕጉ የሚመለከተው በዋናነት ድርጅቶችን ቢሆንም መንፈሱ ለእኛም ይሠራል። ስለዚህ ማውጫን የምፈቅደው ለመልእክትና ለጥሪ አፖች ብቻ ነው፤ ለጨዋታ፣ ለፎቶ ማሳመሪያ፣ ለብድር አፕ ፈጽሞ አልፈቅድም።

በዚህ ገጽ ላይ የማይታይ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ኪቦርድ ነው። በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ ብለው ከየትም የጫኑት ኪቦርድ የሚጽፉት ሁሉ ያልፍበታል፤ የይለፍ ቃልዎም፣ ለልጅዎ የሚጽፉትም። ስልኩ ራሱ ኪቦርዱን ሲያበሩ ይህንኑ ያስጠነቅቃል፣ እኛ ግን ቸኩለን እናልፈዋለን። የጉግል ኪቦርድ አማርኛ ስላለው ሌላ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው፤ ሌላ ከመረጡ ግን ከፕሌይ ስቶር የወረደ፣ ሠሪው የታወቀ ይሁን።

ሁሉንም በር የሚከፍቱ ፈቃዶች

እስካሁን ያነሣኋቸው ፈቃዶች ቢሳሳቱባቸውም ጉዳታቸው ውሱን ነው። ከእነዚህ ተለይተው ሌላ ቦታ የተቀመጡ ጥቂት ፈቃዶች ግን አሉ፤ ብዙ ሰው የማያውቃቸውና ዘራፊዎች የሚፈልጉት እነዚህን ነው።

አንደኛው «አክሰሰቢሊቲ»፣ በአማርኛው ተደራሽነት የሚባለው ነው። የተሠራው ለበጎ ነው፤ ማየት የተሳነው ሰው በስክሪኑ ላይ የተጻፈው እንዲነበብለት፣ እጁ የማይታዘዝለት ሰው በሌላ መንገድ እንዲነካለት ያስችላል። ነገር ግን የተሰጠው አፕ በስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ማንበብና በእርስዎ ምትክ መንካት ይችላል፤ የባንክ አፕ ከፍቶ «አስተላልፍ» የሚለውን መጫንም ጭምር። ሁለተኛው የማሳወቂያ መዳረሻ ነው፤ የተሰጠው አፕ ከላይ የሚወርዱትን ማሳወቂያዎች፣ የማረጋገጫ ቁጥሮቹንም ጨምሮ፣ ያነባል። ሦስተኛው «በሌሎች አፖች ላይ መታየት» የሚባለው ሲሆን የሐሰት ገጽ በእውነተኛው ላይ ለመደረብ ያገለግላል። አራተኛው የመሣሪያ አስተዳዳሪነት ነው፤ ይህ የተሰጠው አፕ በተለመደው መንገድ አልጠፋም ይላል። ከእነዚህ ጋር አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድን አብሬ እቆጥራለሁ፤ ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በፕሌይ ስቶር ያሉ አፖች ይህን ፈቃድ እንዳይጠይቁ፣ ዋና የመልእክት አፕ ለሆኑትና ለጥቂት ሌሎች ሥራዎች ብቻ እንዲሆን ገድቧል። ከፕሌይ ስቶር ውጭ ለሚጫነው ግን ይህ ገደብ አይደርስም።

ባለፈው ክረምት ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት «ስልኬ ከብዶኛል፣ በራሱ ይከፈታል» ብለው ሰጡኝ። የአንድ የታወቀ ድርጅት አርማ የለጠፈና «ስጦታ» የሚል ስም ያለው አፕ አገኘሁ፤ ዘመድ በቴሌግራም ልኮላቸው ነበር፤ ለዘመድም ሌላ ሰው ነበር የላከለት። ተደራሽነትም የማሳወቂያ መዳረሻም ተሰጥቶታል። «ማን ፈቀደለት እማማ?» ብላቸው «ስጦታው የሚመጣው ሦስቴ እሺ ሲሉ ነው ብሎኝ ነው» አሉኝ። ገንዘባቸው ያልተነካው በስልኩ ላይ አንድም የባንክ አፕ ስላልነበረ ብቻ ነው፤ ብራቸውን የሚያንቀሳቅሱት በልጃቸው ስልክ ነበር።

እንዲህ ያለውን ለመፈተሽ በቅንብሮች ውስጥ «ስፔሻል አፕ አክሰስ» የሚለውን ይፈልጉ። የማሳወቂያ መዳረሻ፣ በሌሎች አፖች ላይ መታየት፣ ያልታወቁ አፖችን መጫን፣ የመሣሪያ አስተዳዳሪነት በአብዛኞቹ ስልኮች እዚያ ይገኛሉ፤ ተደራሽነት ለብቻው በዋናው ዝርዝር ውስጥ ነው። በተደራሽነት ውስጥ «የወረዱ አፖች» በሚለው ሥር የበራ ነገር ካለና ምን እንደሆነ ማስረዳት ካልቻሉ ያጥፉት። «ያልታወቁ አፖችን መጫን» በሚለው ሥር ደግሞ ቴሌግራምን፣ ብራውዘሩንና ፋይል ማጋሪያ አፖችን ያጥፉ፤ ዛንደር ለሙዚቃና ለፎቶ ማስተላለፊያ እንጂ አፕ መጫኛ መሆን የለበትም። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ከውጭ የተጫነ አፕ ተደራሽነትን ሲጠይቅ ስልኩ «የተገደበ ቅንብር» ብሎ ያግዳል፤ ይህንን እገዳ እንዴት እንደሚያነሡ በስልክ እየመራ የሚያስረዳዎት ሰው ካለ ያ ሰው የእርስዎ ወዳጅ አይደለም።

አፑ አልጠፋም ካለ መጀመሪያ ዳታና ዋይፋይ ይዝጉ። ከዚያ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭነው ምርጫው ሲመጣ «ፓወር ኦፍ» የሚለውን ለረጅም ጊዜ ይጫኑ፤ በብዙ ስልኮች ላይ «ሴፍ ሞድ» ይገባ እንደሆነ ይጠይቅዎታል። በሴፍ ሞድ እርስዎ የጫኗቸው አፖች አይሠሩም፤ ስለዚህ አስተዳዳሪነቱንና ተደራሽነቱን አንሥተው ሊያጠፉት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የገንዘብ አፖችዎን ሚስጥር ቁጥር በሌላ ንጹሕ ስልክ ላይ ይቀይሩ፤ ገንዘብ የጎደለ ከመሰለዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ባንክዎ ይደውሉ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም 994። ፕሌይ ስቶር ውስጥ የመገለጫ ምስልዎን ነክተው «ፕሌይ ፕሮቴክት» የሚለውን ያስቃኙ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥርጣሬው ካልለቀቀዎት ስልኩን ወደ ፋብሪካው ይዘት መመለስ የመጨረሻው መድኃኒት ነው፤ ፎቶዎን አስቀድመው ያውጡ።

የጉግል አካውንቱ የማን ነው?

ስለ ፈቃድ የሚጻፉ መመሪያዎች ይህን አያነሡትም፤ በእኛ አካባቢ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ችግር ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ስልክ ስንገዛ ሻጩ «ጂሜል ልክፈትልህ» ይልና በራሱ ቁጥር፣ በራሱ የይለፍ ቃል ከፍቶ ይሰጠናል። ወይም ስልኩ ከጅዳ ወይም ከቤሩት ይመጣል፤ የእኅታችን አካውንት በውስጡ እንዳለ እንጠቀማለን። በመጀመሪያው አካውንታችንን ሻጩ በፈለገው ጊዜ ሊከፍተው ይችላል፤ በሁለተኛው የደሴው ስልክ ማውጫና ፎቶ ከእኅትየዋ ጋር ይቀላቀላል፣ የእርሷም ወደ ቤታችን ይመጣል። እኔ ራሴ ከብዙ ዓመታት በፊት ለደንበኞች እንዲህ አካውንት ስከፍት ነበር፣ የይለፍ ቃሉንም በአንድ ደብተር እመዘግብ ነበር፤ ደብተሩን አንድ ቀን ሳነበው ስንት ሰው ቤት ቁልፍ እንደያዝኩ ገባኝና አቃጠልኩት።

ከዚህ ሌላ መዘዝም አለ። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ስልክ ወደ ፋብሪካው ይዘት ሲመለስ ቀድሞ የነበረውን አካውንት ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ከሌለ ስልኩ ይቆለፋል። ብዙ ሰው «ስልኬ ጉግል ሎክ ሆነ» ብሎ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌባም ሠርቆት የሚቆለፍበት በዚሁ ምክንያት ስለሆነ እኛ ጠጋኞች እንዲህ ያለውን ሲያመጡልን ደረሰኙንና ካርቶኑን ብንጠይቅ አትቀየሙን።

መፍትሔው አንድ ሰዓት አይፈጅም። ቅንብሮች ውስጥ «ጉግል» የሚለውን፣ ከዚያ አካውንትዎን የሚያስተዳድሩበትን ገጽ ይክፈቱ። «ሴኩሪቲ» በሚለው ሥር የማገገሚያ ስልክ ቁጥሩ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ይቀይሩት። የይለፍ ቃሉን እርስዎ ብቻ በሚያውቁት ይተኩ። «ዩር ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተው የማያውቁት ስልክ ካለ ያስወጡት። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚለውን ያብሩና የሚሰጥዎትን መጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ጽፈው ከስልኩ ጋር ሳይሆን ከቤት ሰነዶች ጋር ያስቀምጡ። ስልክ ከመሸጥዎ በፊትም አካውንቱን አስቀድመው ከስልኩ ያስወጡ፣ ከዚያ ያጽዱት፣ ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ።

ቴሌግራም ላይም ተመሳሳይ ሥራ አለ። በቅንብሩ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለው አካውንትዎ የተከፈተባቸውን ሁሉ ያሳያል፤ የማያውቁትን ያቋርጡ። «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ያብሩ፤ ይህ ከበራ በአጭር መልእክት የሚመጣውን ኮድ ሌላ ሰው ቢያገኘው እንኳ የይለፍ ቃሉን ካላወቀ አይገባም። ኮድ ላክልኝ የሚል መልእክት ከወንድምዎ ቁጥር ቢመጣ መጀመሪያ ደውለው ድምፁን ይስሙ። እግረ መንገዴን፦ በቴሌግራም ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ የተነሣበት ቦታ መረጃ ከውስጡ ይወጣል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። ቤትዎ ያሉ እቃዎችን ፎቶ አንሥተው ለሽያጭ የሚለጥፉ ከሆነ ካሜራው ቅንብር ውስጥ የቦታ መዝገቡን ያጥፉት።

ቁልፍ፣ ሲምና የጥሪ ማዞሪያ

ፓተርን የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። በዘጠኙ ነጥቦች ሊሠሩ የሚችሉት ፓተርኖች 389,112 ናቸው፤ በስድስት አኃዝ የሚሠራው ፒን ግን አንድ ሚሊዮን ነው። ቁጥሩ ግን ዋናው ነገር አይደለም፤ ለጥገና ስልክ ሲሰጡኝ ስክሪኑን ወደ ብርሃን ሳዘነብል የጣታቸው መስመር ቁልጭ ብሎ ስለሚታየኝ ብዙ ጊዜ ሳልጠይቅ እከፍተዋለሁ፤ አብዛኛው ሰውም ከግራው ላይኛ ጥግ ይጀምራል። ስድስት አኃዝ ፒን ይያዙ፤ የልደት ዓመት አይሁን። የተቆለፈ ስክሪን ላይ የመልእክቶች ይዘት እንዳይታይ «ኖቲፊኬሽን» በሚለው ሥር ያስተካክሉ፤ አለበለዚያ ስልኩ ተቆልፎ እያለ የማረጋገጫ ቁጥሩ ከላይ ይነበባል።

ሲም ካርዱም የራሱ ፒን አለው። ስልኩ ቢጠፋ ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ሲያስገባ፣ የሲም ፒን ካልበራ፣ የማረጋገጫ ቁጥሮቹ ሁሉ ለእርሱ ይደርሳሉ። «ሲም ሎክ» የሚለውን ከማብራትዎ በፊት ግን ሲሙ የመጣበትን ካርድ ይፈልጉ፤ ፒኑ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ፒዩኬ የሚባለው ቁጥር ይጠየቃል፣ ፒዩኬው አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ለዘለቄታው ይሞታል። ካርዱ ከጠፋብዎ መጀመሪያ ፒዩኬውን ከኦፕሬተርዎ ይጠይቁ፣ ከዚያ ያብሩት።

*#06# ሲደውሉ የሚመጣው 15 አኃዝ ያለው ቁጥር የስልኩ መታወቂያ ነው፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት አለው። በወረቀት ይጻፉት። *#21# የሚለውን ደግሞ «ስልኬ ተጠልፎ እንደሆነ ያሳያል» እያሉ የሚያስተላልፉ አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው፤ የሚያሳየው ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር የተዞረ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። ግን ከንቱ አይደለም፤ ማንም «ይህን ኮድ ደውል» ብሎ ጥሪዎን ወደ ራሱ ቁጥር አዙሮ ከሆነ በዚህ ይታወቃል፣ ##002# ሲደውሉ ማዞሪያው ሁሉ ይሰረዛል። በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያልቅ ኮድ ከማያውቁት ሰው ተቀብለው አይደውሉ።

የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን ከመጥፋቱ በፊት ማብራት ያስፈልጋል። «ፋይንድ ማይ ዲቫይስ» ይባል የነበረው እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ «ፋይንድ ሀብ» ተብሏል፤ የሚሠራው አካውንቱ የእርስዎ ከሆነና የይለፍ ቃሉን ካወቁ ብቻ ነው፤ ከሐረጎ ቁልቁለት ታክሲ ውስጥ የወደቀ ስልክ ኮምቦልቻ ደርሰው ከጓደኛ ስልክ ሊቆልፉት የሚችሉትም ያኔ ነው።

አይፎን ለያዙ ጥቂት ቃል ይበቃል። ፈቃዶቹ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» በሚለው ሥር ናቸው፤ ከላይ የሚታየው አረንጓዴ ነጥብ ካሜራ፣ ብርቱካናማው ማይክሮፎን ነው። ከአይኦኤስ 17.3 ጀምሮ ያለውን «ስቶለን ዲቫይስ ፕሮቴክሽን» ያብሩ፤ የስልኩን ኮድ ያየ ሌባ የአፕል አካውንቱን ይለፍ ቃል ወዲያውኑ እንዳይቀይር ያደርጋል።

ስልክ ለጥገና ሲሰጡ

ይህን የምጽፈው በገዛ ሙያዬ ላይ ነው። የተሰበረ ስክሪን ለመቀየር የስልክዎ ፒን አያስፈልገንም፤ ስክሪኑ ሲነካ መመለሱን በተቆለፈ ገጽም ማየት ይቻላል። ቢሆንም ፒናቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከስልኩ ጀርባ ለጥፈው የሚሄዱ ደንበኞች በየቀኑ አሉን። መክፈቱ የግድ የሆነበት ጥገና ካለ እዚያው ቁጭ ብለው ይጠብቁ፤ ወይም ሳምሰንግ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በወጡት ብዙ ሞዴሎች ላይ «ሜንተናንስ ሞድ» የሚባለውን አብርተው ይስጡ፤ ጠጋኙ ስልኩን ይፈትሻል እንጂ ፎቶዎን፣ መልእክትዎንና አፖችዎን አያይም። ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን በማንኛውም ሁኔታ አውጥተው ኪስዎ ውስጥ ያስቀምጡ።

ስልኩን ሲረከቡ ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት የጣት አሻራ ዝርዝሩን ከፍተው ይቁጠሩ፤ እርስዎ ያስገቡት ሁለት ከሆነ ሦስተኛው የማን እንደሆነ እዚያው ይጠይቁ። ቀጥሎ ተደራሽነትንና የተጫኑ አፖችን ዝርዝር ይዩ፣ ቤትዎ ሲገቡ ደግሞ ፒኑን ይቀይሩ።